በስምህ የሚጫወተው ማነው?

ይድረስ ለወንድሜ ለፈይሳ ሰንበታ፤
አሰብ።

እንደምን ከረምክ? ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? ወገብህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልክ ቁጥር ያቃስትሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብ ይስማማሃል? ውሃው ጨው ጨው ይላል ብለህ ነበር፤ ለመድከው? ልጅህ ፀሐይቱስ አፏን ፈታች? ጥያቄ የማበዛው አንተን እያቆላመጥኩ እንዳይመስልህ፤ እናታችን አጠገቤ ተቀምጠው አንድ በአንድ ስለሚያስጽፉኝ ነው። እሳቸው ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። እኔም ደህና ነኝ። ናዝሬትም፣ እናታችን እንደሚሏት አዳማ፣ ደህና ናት፤ አቧራዋም፣ ነፋሷም፣ በማያውቁት ነገር ሁሉ አዋቂ የሆኑት ሰዎቿም እንደተውካቸው ናቸው።

ቤተሰብህንም ሰላም ብያለሁ። ቤተሰብህ ስል ማንን እንደምል ታውቃለህ። ስሟን አልጽፍም፤ ከሠርጋችሁ ጀምሮ አራት ዓመት ያልጻፍኩትን ዛሬ የምጽፍበት ምክንያት የለኝም።

ይህ ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ ሰላምታ፣ ሽሙጥና የአንዲት ጠጠር ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣ አይደለም። የምጠይቅህ ነገር አለ። በአንተ ስም ከእኔ ጋር ጎ የሚባለውን የጃፓኖች የጠጠር ጨዋታ የሚጫወተው ማነው? ልትክደኝ አትሞክር። አሰብ ከወረድክ ጀምሮ ደገፋ በዚያ በሚያጓራ የጭነት መኪናው በወር ሁለት ጊዜ ሲመላለስ፣ ሲሄድ የእኔን ጠጠር ቁጥር ይዞልህ ይሄዳል፣ ሲመለስ የአንተን ያመጣልኛል። ከግራ ስንት፣ ከላይ ስንት፤ ከሰላምታና ከእኔ ሽሙጥ በቀር ሌላ ወሬ የለም። አንድ ጨዋታ አራት ዓመት ፈጀ። የሰማ ሁሉ አብደዋል ይለናል፤ ይበል። እኔ ግን በዚህ ጨዋታ ውስጥ ያለውን ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ አሁን የሚጫወተኝ እሱ አይደለም።

ነገሩን ቀልድ አታድርገው። ደህና መልስ ካልሰጠኸኝ ጨዋታውን አቆማለሁ። ጨዋታው ከቆመ ደግሞ በእኔና በአንተ መካከል ምን እንደሚቀር አላውቅም። አንተ ያለእኔ ፈቃድ አገባህ፣ እኔ ሠርግህ ላይ አልተገኘሁም፤ ከዚያ ወዲህ ያለጠጠር የተነጋገርነው ቁም ነገር የለም። እናታችን ይህን ስለሚያውቁ ነው ደገፋ በመጣ ቁጥር ከእኔ ቀድመው ደጅ የሚወጡት።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያንገበግበኝ እንዲገባህ፣ እዚህ ከማን ጋር እንደምጫወት ልንገርህ። ጎ ያስተማረን ሚስተር ኦኩዳ የፋብሪካችንን የሽመና መኪኖች ተክሎ ወደ ጃፓን ሲመለስ እውነተኛውን ሰሌዳና ጠጠሩን ለአንተ እንደሰጠህ አልረሳሁም። አስተማሪው የሁለታችን ነበር፣ ስጦታው ግን የአንተ ሆነ፤ ይሁን። እኔ ጣውላ ላይ በምስማር ወደ ጎን አሥራ ዘጠኝ፣ ወደ ታች አሥራ ዘጠኝ መስመር ጫርኩ። ለጥቁሩ ከከተማ ወጣ ብዬ ባልጩት ለቀምኩ፣ ለነጩ ቦሎቄ ከገበያ ገዛሁ። በየክረምቱ ነቀዝ የሚበላው ጦር ይዤ ነው የምዋጋው።

በዚህ ሰሌዳ ላይ ለሁለት ሰዎች ጨዋታውን አስተማርኩ፤ ባላስተማርኩ ይሻለኝ ነበር። አንደኛው ፉፋ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ። አርባ ዓመት በቆርኪ ዳማ ሲጫወት ስለኖረ ጠጠሩን መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ አስቀምጥ ብለው አይሰማም፤ ሳጥኑ ውስጥ ካልወሸቅኩ ይላል። መቶ ጊዜ ነገርኩት። ቤቱ እያለለት ደጅ ላይ ምን ያቆመዋል አለኝ። አንድ ቀን ደግሞ የእኔን ቦሎቄ በላዩ ዘሎ በላት፣ ከዚያ አንግሠኝ ብሎ እጁን ዘረጋ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ንገሥ ንገሥ አለው። ስለ ጎ የሚያውቁት ይህን ያህል ነው።

ሁለተኛው ኢተፋ ነው፣ የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ። ይህ ሰው ጥቁሩ ካልተሰጠው አይቀመጥም፤ ጥቁሩ ጭቁኑ ነው፣ ነጩ ኢምፔሪያሊስት ነው ይላል። በጨዋታው ሕግ ጥቁሩ ቀድሞ እንደሚጀምር ስነግረው፣ ይህማ የታሪክ ፍትሕ ነው ብሎ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈው። የመቂ ገበሬ ያመረተውን ቦሎቄ ኢምፔሪያሊስት ያደረገ ሰው እስካሁን አላየሁም። ሦስት ጠጠር አስቀምጦ ተነስቶ ይቆምና ሰሌዳውን ሰልፍ እንደሚገመግም ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያየዋል። ከዚያ አራተኛዋን ለመታረድ ይልካታል።

አምና የሠራተኞች ቀን ሲከበር ኢተፋ በቀበሌው አዳራሽ የጎ ውድድር አዘጋጀ፤ ዳኛውም ራሱ ሆነ። እኔና ፉፋ ለመጨረሻው ደረስን፤ ሌላ ተወዳዳሪ ስላልነበረ መድረሳችን አያስደንቅም። እንደምታውቀው በጎ የሚያሸንፈው ብዙ ባዶ ቦታ በጠጠሩ ያጠረ ነው፤ እኔ የሰሌዳውን ከአራት ሦስት እጅ ከብቤ ይዣለሁ። ፉፋ ደግሞ እኔ ሆነ ብዬ የተውኩለትን አሥራ ሰባት ቦሎቄ ለቅሞ በኪሱ ከቷል። ጨዋታው ሲያልቅ ኢተፋ ተነሳ፣ የተበሉትን ጠጠሮች እንደ ገበጣ ፍሬ አንድ ሁለት ብሎ ቆጠረና ብዙ የበላ ፉፋ ስለሆነ አሸናፊው ፉፋ ነው አለ። የከበብኩት መሬትስ ብዬ ጮህኩ። ባዶ ቦታ ምን ተብሎ ይቆጠራል፣ ደግሞስ መሬት የሕዝብ ነው አለኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። ፉፋ ቴርሞስ ተሸለመ፤ እስከ ዛሬ ሱቁ መስኮት ላይ አስቀምጦት በየቀኑ ይወለውለዋል።

በገበጣ ያደገ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ፍሬ ካልለቀመ፣ እጁ ካልሞላ ያሸነፈ አይመስለውም። አንተም ከፉፋ የምትለየው ሳጥን ውስጥ ስለማትወሽቅ ብቻ ነው። የሚበላ ነገር ካየህ አያስችልህም። ሚስተር ኦኩዳ ካወቃት አሥር የማትሞላ አማርኛ ውስጥ አንዷን ለአንተ ብሎ ነበር የተማራት፤ ጣቱን ወደ አንተ እየቀሰረ ሆድ፣ ሆድ ይልህ አልነበር? ሦስት ዓመት በደብዳቤ ስንጫወት የኖርኩት በዚሁ ሆድህ ነው። ትንሽ እጥልልሃለሁ፣ ትበላለህ፣ እኔ ሰፊውን አጥራለሁ።

አምና የካቲት ላይ ታችኛው ቀኝ ጥግ ስድስት ጠጠር ጣልኩልህ። ዓይነ ስውር እንኳ በዳበሳ የሚያገኘው ስጦታ ነበር። ደገፋ ይዞት የመጣው ቁጥር ግን ስድስቱን አልነካም፤ መሃል ሜዳ ላይ፣ ማንም በሌለበት ባዶ ቦታ አንዲት ጠጠር ተቀመጠች። ሳቅሁ። ለእናታችን ልጅዎን ሙቀቱ አዞረው አልኳቸው። እሳቸው ግን ምናልባት አስቦበት ይሆናል አሉኝ፤ እሱን ተዉት አልኳቸው። ሰኔ ሲደርስ ያቺ ጠጠር ምን ስትሠራ እንደቆየች ገባኝ። በግራ በኩል ሦስት ዓመት ያጠርኩት መሬት ሁሉ መውጫው የሚያልፈው በእሷ ደጅ ነበር። በየትም ብሮጥ እሷ ቀድማኝ ቆማለች። ያን ሁሉ መሬት አጣሁ።

ያን ጊዜ አጋጣሚ ነው አልኩ። ሰው ሳያውቅም ይሳካለታል፤ ኢተፋም ኃላፊ ሆኗል። ባለፈው ጊዜ የመጣው ቁጥር ግን ጥርጣሬዬን ጨረሰው። አሁንም መብላት እየቻልክ አልበላህም፤ ራቅ ብለህ አንዲት ጠጠር አስቀመጥክና የላይኛውን ጥግ ዘጋህብኝ። ይህ የአንተ እጅ አይደለም። ሰው በአንድ ዓመት ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ሆዱን ግን እንደ ጫማ አውልቆ አይጥልም።

ስለዚህ ማነው? አሰብ የቆመ የጃፓን መርከብ ካፒቴን ነው? ወይስ አንድ የቻይና መርከብ ምግብ አብሳይ በሲጋራ ቀጥረህ ነው? መቼም የራስህን ስንፍና በሌላ ሰው ጭንቅላት ለመሸፈን መላ አታጣም። ጽሑፍህንም ልብ ብየዋለሁ። ድሮ ፊደልህ የተያያዘና የሚሮጥ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ፊደል እንደ መሠረተ ትምህርት ተማሪ ለብቻው ቆሞ ይንገዳገዳል። ለወንድምህ አንድ መስመር ቀና አድርጎ መጻፍ እንኳ እንዲህ ሰለቸህ?

ጥፋቱ ከየት እንደጀመረ እኔ ከመጀመሪያው ተናግሬያለሁ። ደራ ገበያ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት አገባህና ያለችህን ጭንቅላት ከሽንኩርቷ ጋር በኪሎ አስረከብካት። የሠርጋችሁን መጥሪያ ወረቀት ገልብጣ ይዛ፣ አምሯል ብላ ስታደንቀው በዓይኔ አይቻለሁ። የዚያን ዕለት ነው በዚህ ሠርግ ላይ አልቆምም ያልኩት። ከእንዲህ ዓይነት ሴት ጋር አራት ዓመት የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ጠጠር ያስቀምጣል ብሎ የሚያምን ካለ እሱም ወደ ኢተፋ ይሂድ።

እንግዲህ እውነቱን ጻፍልኝ። ካልሆነ ቦሎቄዬን ቀቅዬ እበላዋለሁ፣ ጣውላውንም ለኢተፋ መፈክር መጻፊያ እሰጠዋለሁ።

ከዚህ በላይ ያለውን የጻፍኩት ረቡዕ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ደገፋ ጠዋት ደብዳቤውን ሊወስድ መጣ። እኔም ቁጭ በል፣ መጀመሪያ ስማ አልኩት። የጻፍኩት በጣም ስላማረኝ ሰው እንዲሰማልኝ ፈልጌ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። እናታችንም ነበሩ። ስለ ፉፋና ስለ ኢተፋ ሳነብ ደገፋ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ስለ ስድስቱ ጠጠር ስደርስ ሳቁን ተወ። ስለ ሽንኩርቱ ስደርስ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሳበቃ፣ ጋሼ ኡርጌሳ፣ ይህን ደብዳቤ አሰብ ላይ ማን እንደሚያነበው ታውቃለህ ወይ አለኝ። ፈይሳ ነዋ አልኩት። ፈይሳ ከአምና ጥቅምት ጀምሮ ፊደል አላየም አለኝ።

ከዚያ በኋላ የነገረኝን አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን ዛሬ ስለሰማሁት ልጻፈው፣ እጄ ይመነው። በእረፍት ቀንህ የጎረቤት ዕቃ ከጭነት መኪና ስታወርዱ አንድ በርሜል ተንሸራቶ ወደቀ፣ ክዳኑ ተፈናጠረ፣ ውስጡ የነበረው ኬሚካል ዓይንህ ውስጥ ገባ። አንድ ወር ተኝተህ ታከምክ። ደገፋን በልጆቹ አስማልከው፤ ለኡርጌሳ ከነገርከው ቤቴ አትድረስ አልከው። ለምን ሲልህ፣ አላልኩህም ወይ ይለኛል፣ ከዓይኔ ይልቅ እሱ ያመኛል አልከው አሉ። ውሸት ብዬ ብከራከር ደስ ባለኝ። ግን አውቀኸኛል። እል ነበር። ዓይንህን ሳልጠይቅ እሱን ነበር የማስቀድመው።

ከሆስፒታል ስትወጣ ሚስትህን ጨዋታው ቆሟል ብለሽ ጻፊለት አልካት። እሷ ግን እንቢ አለች። ጨዋታው ከቆመ ደብዳቤው ይቆማል፣ ደብዳቤው ከቆመ ወንድም የለህም አለችህ። በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ፊደል የእኔን ቁጥር እያነበበች ሰሌዳው ላይ ታስቀምጥልህ ጀመር፤ አንተ በቃልህ የምትላትን መልሳ ትጽፍልኝ ነበር። ከገና በኋላ ግን አንተ ሁሉ ነገር አስጠላህ፣ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ተኛህ፣ የፈለግሽበት አስቀምጪ አልካት። የፈለገችበት አስቀመጠች። ያቺ መሃል ሜዳ ላይ ያረፈችው ጠጠር የእሷ ናት።

ደገፋን ጎ የሚባል ነገር ከየት አወቀች ብዬ ጠየቅሁት። እሱም ጠይቋት ነበር። ደራ ገበያ ላይ የመደብ ቦታ የሚያዘው በማለዳ ድንጋይ አስቀምጦ ነው አለችው። ሞኟ ነጋዴ የሌላዋን ድንጋይ አንስታ ትጥላለች፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ስትጣላ ውላ ሽንኩርቷን ሳትሸጥ ትመለሳለች። ነገር የገባት ግን የማንንም ድንጋይ አትነካም፤ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግድ የሚያልፍበትን ጥግ አይታ አንዲት ድንጋይ እዚያ ታኖራለች። ጋሽ ኡርጌሳ ብዙ መሬት ይዟል፣ መተላለፊያውን ግን ረስቶታል አለች። እኔ ከሚስተር ኦኩዳ ዘንድ ሁለት ዓመት የተማርኩትን እሷ ከደራ ገበያ ይዛው መጣች። አንተም አሁን ከግድግዳው ዞረህ፣ በጣትህ ሰሌዳውን እየዳበስክ በእኔ ትስቃለህ አሉ። ሳቅ፣ ይገባሃል።

የባሰው ግን ገና ነው። የእኔን ደብዳቤ ሁሉ የምታነብልህ እሷ ናት። ስድቡንም ወይ አልኩት ደገፋን። ስድቡንም አለኝ። ያን መሃይም ያልኩበትን፣ ያን ከገበያ የለቀምካት ያልኩበትን፣ ሁሉንም በራሷ አፍ አንብባልሃለች። አንተ ይህን ዝለይው ስትላት፣ መዝለል ከጀመርኩ ቁጥሩም ይሳሳታል ትልህ ነበር። ይህን ስሰማ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። እናታችን ማንበብ እንደማይችሉ ታውቃለህ። በየደብዳቤው ለምራቴ እንዲህ በልልኝ፣ ዓመት በዓሉን እንዲህ በልልኝ ብለው ያስጽፉኝ ነበር። ጽፌያለሁ እላቸው ነበር። አንድም ቀን አልጻፍኩም። የአንተን ደብዳቤ ሳነብላቸውም ዘርፉ እጅ ትነሳለች የሚለውን እዘለው ነበር።

ይህን ዛሬ በራሴ አፍ ነገርኳቸው፣ ደገፋ እየሰማ። አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። ኢልመኮ፣ ልጄ፣ አራት ዓመት ሙሉ ምራቴ እኔን ንቃኝ ዝም ያለች መስሎኝ ነበር አሉ። ከዚያ በርጩማቸውን አንስተው ወደ በሩ አዞሩት። አሁን ይህን ስጽፍ ጀርባቸውን ነው የማየው።

ደገፋ ደብዳቤውን ቀደህ ሌላ ጻፍ አለኝ። አልቀደድኩትም። የረቡዑን ክፍል ቀድጄ የዛሬውን ብቻ ብልክ፣ ደግ ሰው መስዬ አሰብ እደርስ ነበር። እንዲህ ያለውን ንጽሕና ለኢተፋ ትቼዋለሁ፤ እሱ በየእሑዱ ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ እያደረገ ሰኞ ያንኑ ይደግማል። የተናገርኩት ተናግሬያለሁ። በፉፋና በኢተፋ ስስቅ የኖርኩ ሰው፣ ከሁለቱም የባስኩ ደንቆሮ እኔው ሆኜ ተገኘሁ። እነሱ ቢሳሳቱ ያጠፉት አንድ ቴርሞስ ነው።

አንተንም አላልፍህም፣ ፈይሳ። ዓይንህ ጠፍቶ ለወንድምህ አልነገርክም። እናትህ በየደብዳቤው ወገቡ እንዴት ነው እያሉ ሲያስጽፉኝ፣ አንተ ወገቤ ደህና ነው ብለህ ታስጽፋለህ። ኩራትህ ከእኔ ቢብስ እንጂ አያንስም፤ አንድ እናት ነው የወለደን። ደገፋ ግራ ዓይንህ ብርሃን ይለያል ብሎኛል። አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም አለ። ከፋሲካ በኋላ የዓመት እረፍቴን እወስዳለሁ፣ ከደገፋ ጋር ወርጄ ሁላችሁንም ይዤ እመጣለሁ። አልመጣም እንዳትለኝ፤ አንስቼ መኪናው ላይ እጭንሃለሁ። ሐኪሙ አይሆንም ካለም አዳማ ላይ ቤት አለህ፣ የእናትህ ቤት ነው።

ዘርፉ፣ ይህን እያነበብሽ ያለሽው አንቺ ነሽ። ከላይ ያለውንም አንብበሽ ነው እዚህ የደረስሽው። አጠገቡ ተቀምጠሽ፣ ስለ ራስሽ የተጻፈውን በራስሽ ድምፅ ስትዪው ምን እንደሚሰማሽ ላስብ ሞክሬ አልቻልኩም። ይቅርታ መጠየቅ አልችልበትም፤ ለምጄው አላውቅም፣ አሁንም ብሞክር እንደ ኢተፋ ንግግር ነው የሚሆንብኝ። አፍሬያለሁ። ይህን ብቻ ነው ቀና አድርጌ የምጽፈው። ፊደልሽ አሁንም ይንገዳገዳል፤ ልዋሽሽ አልፈልግም። ጠጠርሽ ግን አይንገዳገድም። በዚህ ከተማ እንደ አንቺ የሚያስቀምጥ የለም፤ እኔን ጨምሮ።

እናታችን ከበሩ ላይ ሳይዞሩ የሚያስጽፉኝ ይህን ነው፦ ለልጄ ለዘርፉ፣ ጉንጭሽን ስሜዋለሁ፣ አራት ዓመት የላክሁልሽን ሰላምታ ሁሉ ዛሬ በአንድ ላይ ተቀበዪኝ፣ ልጄን ስለጠበቅሽልኝ ማኅፀንሽ ይባረክ፣ ፀሐይቱን አምጪልኝ። ጽፌ ስጨርስ እኔን አላመኑኝም፤ ደገፋ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ትክክል ነው ሲላቸው ነው ራሳቸውን የነቀነቁት። ፈይሳን ዓይኑን ሳሚልኝ። ፀሐይቱን አጎትሽ ይመጣል በያት፤ ክፉ ነው እንዳትያት፣ ስመጣ ራሷ ትድረስበት። ለጎረቤቶቻችሁ ሁሉ፣ በተለይ በዚያ ወር ላስታመሙት፣ እናቱ ወለተሥላሴና ወንድሙ ኡርጌሳ እጅ ይነሳሉ በያቸው።

አሁን ተራው የእኔ ነው። ሰሌዳውን ከጠዋት ጀምሬ አየሁት። ሚስተር ኦኩዳ ያስተማረን አንድ ሥርዓት አለ፤ መሸነፉን ያወቀ ሰው እስኪቆጠርበት አይጠብቅም። ሁለት ጠጠር አንስቶ ሰሌዳው ላይ ያኖራል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ተሸንፌያለሁ ይላል። እኔ ለማንም አድርጌው አላውቅም። ዛሬ ሁለት ቦሎቄ አኖርኩ፣ ደገፋና እናታችን እያዩኝ አንገቴን ደፋሁ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የምልክልሽ ቁጥር የለም። ተሸንፌያለሁ፣ ዘርፉ። ሰሌዳውን ጥረጉና አዲስ ጀምሩ፤ ጥቁሩን አንቺ ያዢ። ደገፋ ሲመለስ የመጀመሪያዋን ቁጥር ላኪልኝ፣ ከታች ግን የፈይሳን ስም አትጻፊ፤ የራስሽን ጻፊ።

ኡርጌሳ ሰንበታ
ናዝሬት
መጋቢት 13 ቀን 1978 ዓ.ም.